ማን ማንን ያጅባል?

ለአክስቴ ልጅ ሠርግ የሚሆን ሙዚቃ ስንለማመድ የሰማኋት አንዲት ጥያቄ ከሠርጉ በኋላም አልለቀቀችኝም። ባንዱ ባንድ ለመባል እንኳ የሚበቃ አልነበረም፤ እኔ ቤዝ ጊታር፣ ጓደኛዬ ኪቦርድ፣ አንድ የሰፈር ጎረምሳ ከበሮ፣ ከእኛም ጋር የሙሽራዋ አባት ወዳጅ የሆኑ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አንጋፋ ማሲንቆ ተጫዋች ነበሩ። የሠርግ ዘፈኖቹን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቃቸው ሥራው ቀላል መስሎን ነበር፤ በእርግጥም «ኩሉን ማን ኳለሽ»ን ያለ ብዙ ድካም አለፍነው። ችግሩ የተነሣው ከባለ 5 ድምፅ ቅኝቶቻችን አንዱ ወደ ሆነው ወደ አንቺሆዬ ስንገባ ነው።

ጓደኛዬ ሙዚቃ በትምህርት ቤት የተማረና ጆሮው ስሱ የሆነ ልጅ ነው። የማሲንቆው ድምፅ ከኪቦርዱ ጋር አልገጥም ሲለው በአክብሮት አስቆማቸውና፣ «ጋሼ፣ ይህቺን ድምፅ ትንሽ ከፍ ቢያደርጓትስ?» አላቸው። ከፍ አደረጓት፤ አሁንም አልገጠመችም። ስልኩን አወጣ፣ ድምፅ የሚለካ መተግበሪያ ከፈተና አጠገባቸው አስቀመጠው። መርፌዋ ከአንዱ ድምፅ ተነሥታ ሌላው ጋ ሳትደርስ መሐል መንገድ ላይ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ጋሼ ጎንበስ ብለው ስልኩን አዩትና ምንም ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ አሁን አንተ እኔን እያጀብክ ነው ወይስ እኔ አንተን ላጅብህ?» ብለው ጠየቁት። የሽሙጥ ጥያቄ አልነበረም፤ በእውነት ማወቅ ፈልገው ነው። አጃቢው ማን እንደሆነ ያልተነገረው ተጫዋች የት ገብቶ የት እንደሚወጣ በምን ያውቃል?

ከሠርጉ ወራት በኋላ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም.፣ የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት የሙላቱ አስታጥቄ አዲስ አልበም «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» በሚል ስም ወጣ። ሙላቱ በ81 ዓመታቸው የቆዩ ሥራዎቻቸውን እንደገና አቀናብረው የተጫወቱበት አልበም ነው። ገና «ዘለሰኛ ደወል»ን እየሰማሁ ሳለ የጋሼ ጥያቄ ተመልሳ መጣችብኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልበሙን እስከ ፍጻሜው ያዳመጥኩት ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅ እየተከታተልኩ ነው። እዚህም የምጽፈው ከዚሁ አንጻር ብቻ ይሆናል፤ ስለ ሰውየው ሕይወትና ስለ ኢትዮ ጃዝ አጀማመር አንባቢ የሚያውቀውን መድገም አያስፈልግም።

ከኪቦርዱ ላይ የተነሣው እጅ

አስቀድሜ ግን በዚያ ልምምድ ላይ ከጥያቄው በኋላ የሆነውን ልጨርስ፤ ጊዜው አጭር ቢሆንም የኋላው ሐሳቤ ሁሉ የተነሣው ከእሱ ነውና።

አንቺሆዬን በወረቀት ላይ መጻፍ አያስቸግርም። ከዶ ብንነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላትና ላ ብለን 5ቱን ድምፆች እናሰፍራለን (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)። ኪቦርድ ተጫዋች ግን ዜማውን ብቻ ተከትሎ መሄድ አይበቃውም፤ ኮርድ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚነኩ ድምፆች፣ ማሰማት ልማዱ ነው። በዶ ላይ የሚሠራ የተለመደ ኮርድ ደግሞ ሜጀርም ሆነ ማይነር ሶልን ይፈልጋል። አንቺሆዬ ውስጥ ሶል የለችም። ሚም የለችም፣ ሚ ፍላትም የለችም። ስለዚህ ጓደኛዬ ጣቶቹን እንደ ልማዱ በዘረጋ ቁጥር ቅኝቱ የማያውቃቸውን ድምፆች እየጋበዘ ያስገባ ነበር። ይህ የችግሩ ግማሽ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ወረቀቱም አይናገረውም። የፒያኖ ድምፆች እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት (የድምፅ ርቀት መለኪያ ነው) እንዲሆን እኩል ተከፋፍለው የተቀመጡ ናቸው። ማሲንቆ ግን የጣት ሰሌዳ የለውም፤ ጣት አውታሩን ከእንጨቱ ጋር ሳያጣብቅ ከጎን ነው የሚነካው፤ ስለሆነም ተጫዋቹ እያንዳንዷን ድምፅ የሚያስቀምጣት ከአስተማሪዎቹ የወረሰው ጆሮ በሚነግረው ቦታ ላይ ነው። መርፌዋ መሐል መንገድ ላይ የቀረችው ጋሼ ስለሳቱ አይደለም፤ የሚሄዱበት ቦታ በስልኩ ላይ ስላልተመዘገበ ነው።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ በፈተና ቢጠየቅ ከእኔ አሳምሮ ይመልሳል። ሆኖም እውቀትና እጅ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ጥያቄውን ከሰማ በኋላ ለአፍታ ዝም አለና፣ «እኔ እርስዎን» ብሎ መለሰ። ከዚያም ቀኝ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንሥቶ ጭኑ ላይ አሳረፈው፤ በግራ እጁ የመነሻዋን ድምፅ ብቻ ያዘ። እኔም ማንም ሳያዘኝ ስሮጥበት የነበረውን መስመር ትቼ እሷኑ ይዤ ቆምኩ። ጋሼ ያንኑ ዜማ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ቅድም «አልገጠመችም» የተባለችው ድምፅ ስትደርስ ሁላችንም ጆሯችንን አቁመን ጠበቅናት፤ መጣች፣ ልክ እንደቀድሞው ሆና መጣች፣ ግን የትም ቦታ ስህተት አልነበረባትም።

ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። በማሲንቆው ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ጣቱ ያው፣ አውታሩ ያው። የተለወጠው ከጎኑ የቆመው ነው። ያ ሁላችንም የሰማነው ግጭት በአውታሩ ውስጥ ሳይሆን በንጽጽሩ ውስጥ ነበረ ማለት ነው፤ የፒያኖዋ ሬ ፍላት ከጎኗ ባትቆም ኖሮ የማሲንቆዋን ሬ ፍላት ዝቅ ያለች ወይም ከፍ ያለች የሚላት አይገኝም። ሁለት የሙዚቃ ልማዶች «ተቀላቀሉ» ስንል ብዙ ጊዜ የምንቆጥረው በድስቱ ውስጥ የገባውን ነው፤ ያን ቀን ግን ቅልቅሉ የተሳካው አንድ ሰው የሚችለውን ነገር ላለመጫወት ስለወሰነ ነው።

መሣሪያዎቹ ሳይከተሉት የወጣው ቅኝት

ወደ ሙላቱ ልመለስ። የውጭው ዓለም የሚያውቀው የእርሳቸው ድምፅ በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ድረስ የተቀረጸው ነው፤ እሱም በ1998 በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 4ኛ አልበም ተሰብስቦ ወጣ፣ በ2005 ደግሞ በአሜሪካዊው ዳይሬክተር በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ገብቶ ከሙዚቃ ፈላጊዎች ክበብ ውጪ ያለ ሰው ጆሮ ደረሰ። እነዚያን ቅጂዎች አሁን መለስ ብዬ ሳዳምጥ ቀድሞ ብዙም ያላስጨነቀኝ አንድ ነገር ይሰማኛል። ቅኝቱ የእኛ ነው፤ ቅኝቱን የተሸከሙት ግን ሳክስፎን፣ ኦርጋን፣ ዋዋ ጊታርና ቫይብራፎን (የብረት ዘንጎቹ በመዶሻ የሚመቱ መሣሪያ) ናቸው። ክራርና ማሲንቆ በአብዛኛው የሉበትም። ዜማው አገር ለቆ ሲወጣ መሣሪያዎቹን እቤት ትቶ ነው የወጣው።

ይህን እንደ ክስ አልቆጥረውም። እ.ኤ.አ. ከ1966ቱ የኒውዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» ቅጂዎች ጀምሮ የሙላቱ ሙከራ 5 ድምፅ ያለውን ቅኝት ከ12 ድምፅ ሥርዓት ጋር ማኖር ነበር፤ የነበረውም መንገድ ቅኝቱን ለምዕራባውያኑ መሣሪያዎች ማስተማር ነው። እዚህ ላይ ጥበባቸው ያለው ባልተጫወቱት ነገር ውስጥ ይመስለኛል። የዚያን ዘመን ሥራዎቻቸውን ያዳመጠ ሰው ቤዙ አንድ አጭር ሐረግ ይዞ ሲመላለስ፣ ነፋሾቹ በአንድ ላይ ዜማውን ሲያነሡ፣ ኮርዱም ብዙ ሳይንቀሳቀስ በአንድ ቦታ ሲቆይ ያስተውላል። በአሜሪካ ጃዝ የለመድነው የኮርድ ሩጫ እዚህ ቢገባ ቅኝቱ በየመታጠፊያው መልኩን ያጣ ነበር። ጓደኛዬ በዚያ ልምምድ እጁን ያነሣው በአጋጣሚ ተገዶ ነው፤ ሙላቱ ግን ይህን እጅ የማንሣት ሥራ ከስድሳ ዓመት ገደማ በፊት አቅደውበት ጀምረውታል።

ቢሆንም አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ሳክስፎን በትንፋሽና በከንፈር ድምፁን ሊያጎብጥ ይችላል፤ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ያዛወሩት ይህን ችሎታ እስከ ጥግ ወስደው ነው። ኦርጋንና ቫይብራፎን ግን አይጎብጡም። በተለይ ቫይብራፎን ግትር መሣሪያ ነው፤ የብረት ዘንጎቹ በተቃኙበት ድምፅ ይኖራሉ፣ ከሥር ያለው ሞተር የድምፁን ጉልበት ከፍ ዝቅ እያደረገ ያወዛውዘዋል እንጂ ድምፁ ከተቀመጠበት ከፍታ ነቅነቅ አይልም። እንግዲህ የሚገርመው፣ የእኛን ቅኝት ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው ዋና መሣሪያ፣ ማሲንቆ የሚሄድባቸውን ጠባብ መንገዶች በተፈጥሮው ሊሄድባቸው የማይችል መሆኑ ነው።

አዲሱ አልበም እዚህ ላይ ነው የያዘኝ። በለንደንና በአዲስ አበባ የተሠራ ሲሆን ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮና በገና ከነፋሾቹና ከቫይብራፎኑ ጎን ተሰልፈዋል። ባህላዊ መሣሪያ ማስገባት በራሱ ብርቅ አይደለም፤ በየሆቴሉ መድረክና በየማስታወቂያው ክራር ይሰማል፣ ብዙ ጊዜም ለጌጥ ነው፤ መግቢያው ላይ ጥቂት ይነካካና ሲንተሳይዘሩ ሲነሣ ይዋጣል። እዚህ ያለው ግን የተለየ ነው። በ«ኩሉን» ላይ ለጆሮዬ የመጣው ነገር ቢኖር ዜማው ወደ ድሮ ባለቤቶቹ እጅ መመለሱና ነፋሾቹ ከቤቱ ባለቤትነት ወደ ሠርግ ታዳሚነት መውረዳቸው ነው። ይህንኑ የሠርግ ዜማ ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ1972ቱ አልበማቸው ላይም ቀርጸውት ስለነበር ሁለቱን አከታትሎ ማዳመጥ ይቻላል። በድሮው ቅጂ ዜማው በሰው አገር ልብስ አምሮበት ይታያል። በአዲሱ እንግዳው ሌላ ነው።

ያልተገላበጠ ያራል

አልበሙ እንደወጣ ከማውቃቸው የሙዚቃ ሰዎች አንዳንዶቹ ያሰሙት ቅሬታ፣ «አዲስ ዜማ የት አለ?» የሚል ነበር። ቅሬታው ሙሉ በሙሉ መሠረት የሌለው አይደለም። «የከርሞ ሰው»ን ለስንተኛ ጊዜ መስማት አለብን የሚል አድማጭ ቢገኝ አልፈርድበትም፤ እኔም ራሴ ጥቂት ቦታዎች ላይ ዜማው ከሚገባው በላይ ተንፈላሶ ሲረዝም ተሰምቶኛል። የድሮዎቹ ቅጂዎች አጭርና ጠበብ ያለ ድምፅ ነበራቸው፤ መጥበባቸው ራሱ አንድ ዓይነት ውጥረት ይሰጣቸው ነበር። ዛሬ እያንዳንዱ መሣሪያ ጠርቶና ተለይቶ በሚሰማበት ቅጂ ያ ውጥረት በከፊል ላልቷል። ይህን ኪሳራ እንደ ኪሳራ መቁጠር ይገባል እንጂ ለአንጋፋ ክብር ሲባል ዝም ማለት አይገባም።

ነገር ግን «ያልተገላበጠ ያራል» ይባላል። የሙላቱን ሥራ ያሳረረው ደግሞ መረሳቱ አይደለም፣ መወደዱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 በኋላ፣ ይልቁንም ከፊልሙ በኋላ፣ እነዚያ ጥቂት ዓመታት የተቀረጹ ድምፆች እንደ ቅርስ ተቆጥረው በአንድ መልክ ረጉ። የውጭ ባንዶች ቅጂዎቹን ከነጉድለታቸው አስመስለው መጫወት ያዙ፤ ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዳሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 «የገሌ ትዝታ»ን ቆርጠው ለዘፈናቸው መሠረት አደረጉት። በዚህ ሁሉ ውስጥ «ኢትዮ ጃዝ» ሲባል አንድ የተወሰነ የኦርጋን ድምፅ፣ አንድ የተወሰነ የነፋሽ አገባብ፣ አንድ የተወሰነ ጭጋግ ማለት ሆነ። ሙከራው ተጠናቆ ውጤቱ በመስተዋት ሣጥን የተቀመጠ ያህል ነው።

ሙላቱ ያንን ሣጥን የከፈቱት አዲስ ዜማ በመጻፍ ቢሆን ኖሮ ለውጡን ለመለካት አንችልም ነበር። ዜማው ያው ሆኖ ሲቆይና ከዜማው ዙሪያ ያለው ሥልጣን ሲዘዋወር ግን ማን ከወንበሩ እንደተነሣና ማን እንደተቀመጠ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ የድሮውን መድገማቸውን የሐሳብ ማጣት አድርጌ አላየውም፤ በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ጊዜ፣ በሃምሳ ዓመት ልዩነት፣ ሁለት የተለያዩ መልሶች መስጠት ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ የመጀመሪያውን መልስ የሰጠው ሰው ራሱ መሆን ነበረበት። ሌላ ሰው ቢያደርገው አንዱ ወገን «ተሳለቀ»፣ ሌላው ወገን «ደፈረ» ይለው ነበር።

ክራሩ ይለወጥ ወይስ ፒያኖው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከሐሳቤ ጋር ይጋጭብኛል፤ ልሸሸው አልፈልግም። ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ራድክሊፍ ተቋም ፌሎው (ተጋባዥ ተመራማሪ) በነበሩበት ወቅትና ከዚያም በኋላ ክራርን የማሻሻል ሐሳብ ነበራቸው፤ ከማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ሰዎች ጋርም በዚሁ ላይ ሠርተዋል። ሐሳቡ ክራር በአንድ ቅኝት ሳይታሰር ከ12ቱ ድምፆች ጋር እኩል እንዲራመድ ማድረግ ነው። ይህ በእኔ አቆጣጠር ተቃራኒው መንገድ ነው፤ ጋሼን «ትንሽ ከፍ ያድርጓት» ማለት ነው፣ ብቻ በመሣሪያው አካል ላይ የሚደረግ።

የሐሳቡ ጥቅም ይገባኛል። የክራር ተጫዋች ቅኝት ለመለወጥ ዘፈን አቋርጦ አውታሮቹን እንደገና ማጥበቅና ማላላት አለበት፤ የዋሽንት ተጫዋችም ለየቅኝቱ የተለያየ ዋሽንት በከረጢት ይዞ ይዞራል። መድረክ ላይ ይህ ቀላል ችግር አይደለም፤ ከትልቅ ባንድ ጋር መሥራት የሚፈልግ ወጣት የክራር ተጫዋች መሣሪያው እንዲሰፋለት ቢመኝ «ቅርስህን አትንካ» ብሎ የሚከለክለው ሰው ችግሩን ራሱ ተሸክሞ አያውቅም። ሆኖም ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ እንደሚባለው፣ ክራርን ክራር የሚያደርገው አውታሩ ለቅኝቱ መገዛቱ ነው። 12ቱንም ድምፅ እኩል የሚያሰማ ክራር አንድ ጥሩ ትንሽ ሃርፕ መሳይ የምዕራብ መሣሪያ ይወጣው ይሆናል፤ በፒያኖ ሊሰማ የማይችለውን ግን ያን ጊዜ ከማን እንስማው?

አዲሱን አልበም ሳዳምጥ የተሰማኝ ሙላቱ ለዚህ ጥያቄ ከመሣሪያ ማሻሻል ይልቅ በቅንብር የተሻለ መልስ ማግኘታቸው ነው። ክራሩ እንዳለ ይቀመጥና የሌሎቹ መሣሪያዎች ድርሻ ይሳሳ፤ በቫይብራፎኑ መስመርና በነፋሾቹ መስመር መካከል ክፍት ቦታ ይተው። ይህ አካሄድ ከሩቅ የመጣ ሐሳብም አይደለም። ሙላቱ በየቃለ መጠይቁ ስለ ደራሼ ሕዝብ የቀርከሃ ነፋሾች ደጋግመው ይናገራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት የጃዝ ሊቃውንት የተራቀቁበትን ዲሚኒሽድ የሚባለውን የድምፅ ቅደም ተከተል ደራሼዎች ቀድመው ያውቁት እንደነበር ለማስረዳት ነው። እኔን ግን ከዚያ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ፊላ የሚባለው የእነዚህ ቀርከሃዎች የኅብረት ጨዋታ አሠራር ነው። እያንዳንዱ ነፊ የያዘው ቀርከሃ የሚሰጠው አንድ ድምፅ ነው፤ ተራው ሲደርስ ነፍቶ ለሚቀጥለው ይለቃል፣ ዜማውም ከማንም ብቻውን ሳይወጣ ከሁሉም መካከል ይወጣል። ከአንድ ሰው በላይ የሆነ ሙዚቃ የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባለመንፋቱ ነው። ሙላቱ የደራሼን ሙዚቃ ለድምፆቹ ሲሉ ቢጠቅሱትም፣ በዚህ አልበም ላይ የተጠቀሙበት ይህን ተራ መጠባበቅ ይመስለኛል።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ። በገናው በአልበሙ ውስጥ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ በጥንቃቄ መያዝ ያለበት ነው፤ 10 አውታሮቹ ከሚያርፉበት ድልድይ ጋር በሚገናኙበት ቦታ የሚገቡት ትናንሽ ቆዳዎች፣ እንዚራ የሚባሉት፣ ያን የሚነዝር ድምፅ ይሰጡታል፤ ያ ንዝረት ደግሞ ሰፊ ቦታ ይወስዳል። ከነፋሾች ጋር ሲሆን ንዝረቱ ይጠፋና የሚቀረው ወፍራም ቤዝ ብቻ ነው፤ ለዚያማ እኔም በቤዝ ጊታር አላንስም። በገና ጥቂት ደቂቃ ያህል ከቫይብራፎን ጋር ብቻ ቢተው ኖሮ፣ አንዱ በንዝረት አንዱ በውዝዋዜ፣ ሁለቱ እንዴት እንደሚነጋገሩ መስማት በወደድኩ ነበር።

ጓደኛዬ አልበሙን ሰምቶ የያዘው ጉዳይ ከእኔ ይለያል፤ እሱ ሁልጊዜ ተግባራዊ ነው። በርከት ያሉ ኪቦርዶች እያንዳንዱን ቁልፍ በሴንት እየለኩ ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚቻልበት ቅንብር አላቸው፤ ለዐረብ ሙዚቃ ተጫዋቾች በሰፊው የሚያገለግል ነው። አሁን ስልኩን ጋሼን ለማረም ሳይሆን ጋሼ የሚያስቀምጧትን ድምፅ ለመመዝገብ እየተጠቀመበት የኪቦርዱን ሬ ፍላትና ሶል ፍላት ወደ እርሳቸው እያስጠጋ ነው። ጋሼ ግን በዚህ ብዙም አልተደሰቱም፤ እሑድና ረቡዕ አንድ ዓይነት እንደማይጫወቱ፣ ዘፋኝ ሲለወጥም ድምፃቸው አብሮ እንደሚለወጥ ነግረውታል። እሱም በየልምምዱ መጀመሪያ እየለካ እንደገና ሊያስተካክል ተስማምቷል፤ የሚቀጥለውን ልምምድ በአንቺሆዬ እንጀምራለን።